የሮም እጅ ሲታጠብ፦ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ክብረ ነገሥት እና የእኛ ስብከት

በምሥራቅ ጎጃም የምትገኘው ዲማ በሁለት ነገር ትታወቃለች፤ በቅኔ ትምህርቷና በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»። የልብ ወለዱ በዛብህ የተማረው እዚያ ነው፤ ደራሲውም ራሱ ተምሮባታል። ሳይታሰብ የሚታለፈው ደብሩ የተጠራበት ስም ነው። ጊዮርጊስ፣ ትውፊት እንደሚለው፣ ከቀጰዶቅያ የወጣና ስለ ክርስቶስ የሞተ የሮም ወታደር ነው። እንግዲህ የሮም መንግሥት የገደለው ሰው ስም ከአገራችን የሊቃውንት መፍለቂያዎች በአንዱ ላይ ለዘመናት ሲጠራ ኖሯል። የግእዙን ገድል የከፈተ ሰው ግን ገዳይዋን ሮምን እዚያ አያገኛትም። ጊዮርጊስን የሚያሠቃየው ሰባ ነገሥታትን የሰበሰበ ዱድያኖስ የሚባል የፋርስ ንጉሥ ነው።

ይህን የግእዝ ተርጓሚዎች አልፈጠሩትም። ዱድያኖስ ከእነርሱ በፊት በነበሩት የግሪክና የቅብጥ ቅጂዎችም ውስጥ አለ። ሰማዕቱን ከዲዮቅልጥያኖስ ዘመን ጋር የሚያያይዝ ሌላ ትውፊትም አለ፤ ወደ እኛ የመጣውና የተወደደው ግን የፋርሱ ነው። ታሪኩ የተነገረው የሮም ንጉሥ ክርስቲያን በሆነበት ዘመን እንደ መሆኑ ይህ አያስገርምም። በየእሑዱ በቅዳሴ ስሙ የሚጠራለት ንጉሥ የተቀመጠበት ዙፋን ትናንት ሰማዕታትን ያስፈጀ ዙፋን መሆኑን ማስታወስ አይመችም። ጥፋቱ ወደ ጎረቤት ጠላት ወደ ፋርስ ሲሻገር ሁሉም ይቀላል። የዘመን ቆጠራው ግን ገድሉ የሸፈነውን ጠብቆታል፤ በባሕረ ሐሳብ የሚሠራበት ዓመተ ሰማዕታት የሚጀምረው ዲዮቅልጥያኖስ ከነገሠበት ከ284 እ.ኤ.አ. ነው።

ጲላጦስም እንዲሁ ነው። በሐዋርያት የእምነት መግለጫ ውስጥ ስሙ የገባው ለመከራው ማስረጃ ሆኖ ነው። በጥንቱ ስንክሳራችን ግን በሰኔ ወር ከሚስቱ ጋር ከቅዱሳን ተቆጥሮ ይታሰባል። በማቴዎስ 27 እጁን የታጠበው ሰው በኋላ ዘመን ሌሎች ደግመው አጠቡለት። የታጠበለት ነገር ሌላ ሰው ላይ መፍሰሱ ደግሞ አይቀርም፤ የጲላጦስ ዕዳ በቀለለ ቁጥር በአይሁድ ላይ ሲከብድ እንደ ኖረ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ በብዙ ደም መስክሯል።

የዚህ ሁሉ ትልቁ ምስክር ክብረ ነገሥት ነው። በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የአክሱሙ ንቡረ እድ ይስሐቅ ያዘጋጁት ይህ መጽሐፍ በእኛ ሴሚናሪዎች ወይ እንደ ተረት ይናቃል፣ ወይ ለንግሥተ ሳባ ታሪክ ብቻ ይጠቀሳል። ሁለቱም ጉዳት ነው፤ መጽሐፉ ከሁሉ በፊት የመንግሥት ነገረ መለኮት ነውና። ነገሩን የሚጀምረው በኒቅያ በተሰበሰቡት 318 አባቶች ነው፤ የሚጠይቀውም የነገሥታት ክብር በምን እንደሚለካ ነው። ምድር ከኢየሩሳሌም ተነሥታ ለሁለት ትከፈላለች፤ እኩሌታው ለሮም ንጉሥ፣ እኩሌታው ለኢትዮጵያ ንጉሥ። የሮሙ ንጉሥ ደግሞ ባዕድ አይደለም፤ የሰሎሞን ታናሽ ልጅ የአድራሚ ዘር ነው ይለናል። ኢትዮጵያ የምትበልጠው በብኩርናዋና በታቦቷ፣ በኋላም ሮም ከቀናችው ሃይማኖት በመውጣቷ ነው። በእርግጥ «ሮም» ሲል በአብዛኛው የሚያስበው ቁስጥንጥንያን ነው፤ ይህ ግን ነገሩን አያቀለውም፤ ቁስጥንጥንያ ራሷን ሮም ብላ ትጠራ ነበርና።

የደራሲውን ድፍረት ማድነቅ ይገባል። በዘመኑ ዓለም የሚያከብረውን ትልቁን ስም ወስዶ ታናሽ ወንድም አደረገው። ሆኖም ከሮም ለመብለጥ በመጀመሪያ ሮምን መምሰል አስፈለገው፤ ትችቴም እዚህ ላይ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ የጌታ መስቀል ችንካር ለንጉሡ ፈረስ ልጓም ይሆናል፤ በዚያም ንጉሡ ጠላቶቹን ድል ይነሣል። ሐሳቡ ከዘካርያስ 14፥20 ጋር ተያይዞ ከጥንት የመጣ ነው። በጌታ እጅ ላይ የተመታው ብረት በጦር ፈረስ አፍ ውስጥ ሲገባ አንድም ሰው «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ አይጠይቅም። ቸንካሪዎቹ የሮም ወታደሮች እንደ ነበሩ በመጽሐፉ ውስጥ የሚያስታውስ ቢኖር ኖሮ ልጓሙ እንዲህ በቀላሉ አይሠራም ነበር።

ውጤቱ በወረቀት ላይ ብቻ አልቀረም። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሲነግሡ የወሰዱት ስመ መንግሥት ቆስጠንጢኖስ ነበር። ለንጉሥ አንሰግድም ያሉትን ደቂቀ እስጢፋኖስን የቀጡትም ይህን ስም የተሸከሙ ንጉሥ ናቸው። እኛ ወንጌላውያን ደቂቀ እስጢፋኖስን እንደ ቀዳሚዎቻችን መጥቀስ እንወዳለን (አንዳንዴ ከማስረጃው በላይ፤ መነኮሳት እንጂ ሉተራውያን አልነበሩም)፤ ከእነርሱ ጋር ያሳደዳቸውን የአክሊል ነገረ መለኮት መመርመርን ግን እንተወዋለን።

ያልታጠበችውን ሮም ያየው ደግሞ የጎጃም ሰው ነው። ግንቦት 1 ቀን 1928 ዓ.ም. ሙሶሊኒ የሮም ንጉሠ ነገሥታዊ መንግሥት ተመለሰ ብሎ ዐወጀ። ከዚያም የጥንቷን ሮም መስፋፋት በሚያሳዩት በሮም ከተማ ባሉ የእብነ በረድ ካርታዎች ጎን የአዲሱ ግዛት ካርታ ተሰቀለ፤ ኢትዮጵያም በውስጡ ነበረች። ከጦርነቱ በፊት ጎጃምን ያስተዳድሩ የነበሩት ራስ እምሩ ተማርከው ወደ ፖንዛ ደሴት ተወሰዱ፤ ከእርሳቸው ጋር የዘመተው ሐዲስ ዓለማየሁም በኢጣልያ ታሰረ። አውሳብዮስ እንደሚነግረን፣ በድምጥያኖስ ዘመን ፍላቪያ ዶሚቲላ ስለ ክርስቶስ ምስክርነት የተጋዘችው ወደዚያችው ደሴት ነበር። በ1935 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ከሥልጣን የወረደው ሙሶሊኒ ራሱ እዚያው ታሰረ።

ወደ መድረካችን እንምጣ። በገና ሰሞን ገላትያ 4፥4 ሲሰበክ «የዘመኑ ፍጻሜ» በሮም መንገዶች፣ በሮም ሰላምና በግሪክ ቋንቋ ይብራራል። ከፊሉ እውነት ነው፤ ጳውሎስ በእነዚያ መንገዶች ሄዷል። ጳውሎስ ግን በዚያ ምንባብ ስለ መንገድ አንድ ቃል አልተናገረም፤ የሚናገረው ከሕግ በታች ስለ መወለድና ስለ ልጅነት ነው። በዚያው መንገድ በ70 እ.ኤ.አ. ኢየሩሳሌምን ያቃጠለው ሠራዊት መጥቷል። ጣሊያንም በአምስቱ ዓመት ለጦሩ መንገድ ሠራ፤ ይህን የወንጌል መሰናዶ ብሎ የሰበከ ሰው አላጋጠመኝም። እንዲያውም በወላይታ የሆነው ተቃራኒው ነው። የኤስ.አይ.ኤም. ሚሲዮናውያን በ1929 ዓ.ም. ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች 50 አይሞሉም ነበር፤ ሲመለሱ ወደ 10,000 የሚጠጉ አገኙ። መሪዎቹ ታስረው፣ ተገርፈው ነበር። ከመንገድ ይልቅ እስር ቤቱ ለዚያ ታሪክ ይቀርባል።

ይህን የምለው ሮምን በጅምላ ለመርገም አይደለም። ጳውሎስ በፊልጵስዩስ ዜግነቱን ጠቅሶ ገዢዎቹን አስደንግጧል፤ በቂሳርያ ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል። በፍትሐ ነገሥት በኩልም የሮም ሕግ እኛ ዘንድ ደርሶ ለዘመናት ተፈርዶበታል። በሕጉ መጠቀምና ሕግ አውጪውን መቀደስ ግን አንድ አይደሉም። ሮሜ 13ና ራእይ 13 ስለ አንድ መንግሥት የተጻፉ ናቸው፤ ስንሰደድ ሁለተኛውን፣ ሲመቸን የመጀመሪያውን ብቻ ማንበብ የለመድን ይመስለኛል። በደርግ ዘመን ራእይ ስናነብ የነበርን ሰዎች ነን። በ2012 ዓ.ም. የወንጌል አማኞች ካውንስል በዐዋጅ ሕጋዊ ሰውነት አገኘ፤ ይህ ለዓመታት የተለመነ መብት ነው፤ ደስ ሊለን ይገባል። ወንጌላውያን አማኞች በከፍተኛ ሥልጣን ላይ በመቀመጣቸው ምክንያት በአንዳንድ መድረኮች የሚሰማው የትንቢት ቋንቋ ግን ከክብረ ነገሥት ብዙ አይርቅም፤ የዘር ሐረጉ ብቻ ተቀይሯል። በ1 ጢሞቴዎስ 2 ጸልዩላቸው የተባሉት ነገሥታት ጣዖት አምላኪ ቄሣሮች ነበሩ። ቤተ ክርስቲያን የጸለየችላቸው ከሰሎሞን ዘር ሳታደርጋቸው ነው።

የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ለምናስተምር አንድ ተግባራዊ ሐሳብ አለኝ። አውሳብዮስን ስናስነብብ ስለ ፍልስጥኤም ሰማዕታት የጻፈውንና የቆስጠንጢኖስን ሕይወት በአንድ ሳምንት እንስጥ፤ ከአጠገባቸውም ገድለ ጊዮርጊስንና ክብረ ነገሥትን እናስቀምጥ። ተማሪው የሞቱትን አንድ በአንድ የመዘገበው ብዕርና ንጉሡን ያወደሰው ብዕር የአንድ ሰው መሆናቸውን፣ በመካከላቸውም ሠላሳ ዓመት እንኳ እንዳልሞላ ራሱ ይድረስበት።