ክፈፍና ጣራ፤ ስለ ተለወጡ አውቶሞቢሎች የቀረበ ሒስ

ሒስ ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚታሰበን ግጥም፥ ቴያትር ወይም ሥዕል ነው። በሐዋሳ ባህል አዳራሽ አንድ ትርኢት ሲቀርብ ተመልካቹ ከወጣ በኋላ ሥራውን ይመዝናል፤ ያመሰግናል ወይም ይነቅፋል። ይኸ ተገቢ ነው። ነገር ግን ተመልካቹን እስከ አዳራሹ በር ያደረሰው ተሽከርካሪም የሰው እጅ የነካው፥ የሰው ሐሳብ ያለበት ሥራ ነው። ባህል ማለት አንድ ሕዝብ በእጁ የሚሠራውንም የሚጨምር ከሆነ፥ የላሜራ ቀጥቃጩ፥ የበያጁና የወንበር ልብስ ሰፊው ሥራ እንደ ዘፈኑና እንደ ጭፈራው ሊመዘን ይገባዋል። ሳይነቀፍ የሚቀር ሥራ ሳይሻሻል ይቀራልና።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ስለ አንድ ትንሽ ነገር፥ ስለ መስኮት ክፈፍ፥ እንመረምራለን። ክፈፍ የምንለው በአውቶሞቢል ውስጥ በመስታወቱ ዙሪያ የሚዞረውን የመጨረሻ ልባስ ነው። በአንዳንዱ አውቶሞቢል ከላሜራ ተሠርቶ በብሎን ይታሰራል፤ በሌላው ከጨርቅና ከጎማ ይበጃል። በመንገድ ለሚያልፍ ሰው አይታይም። በውስጥ ለተቀመጠው ግን ራሱን የሚያስጠጋበት፥ እጁን የሚያሳርፍበት፥ አገሩንም የሚያይበት ጠርዝ ነው። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ በአጭሩ ሲነገር እንዲህ ነው፤ ተቆርጦ ወይም ተለውጦ የተሠራ አውቶሞቢል መልካም መሆኑና አለመሆኑ የሚፈረደው ከቀለሙና ከጎማው ሳይሆን ከዚህ ክፈፍ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ከለውጦች ሁሉ የሚከብደውን፥ ማለት ጣራ ቆርጦ ዝቅ ማድረግን፥ አስቀድሞ ማየት ይጠቅማል። ይኸ አሠራር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካ፥ በተለይም በካሊፎርኒያ፥ እጅግ ተስፋፋ። ከሥራዎቹ ሁሉ ዝነኛው ሳምና ጆርጅ ባሪስ የተባሉ ወንድማማቾች ቦብ ሂሮሃታ ለተባለ ሰው የሠሩት የ1951 ሞዴል መርኩሪ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1952 ሥራው ሲያልቅ ጣራው ከፊት ወደ 10፥ ከኋላ ወደ 18 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ነበር። በጎን መስኮቶቹ መካከል ይቆም የነበረውም ምሰሶ ተወግዶ መስኮቱ በአዲስ ቅስት ተከፈፈ። ይኸው አውቶሞቢል በዚያው አቆጣጠር በ2022 መጀመሪያ በጨረታ ወደ 2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሸጧል።

ጣራ መቁረጥ ለማያውቀው ሰው ቀላል ይመስላል። ምሰሶዎቹን መቁረጥ፥ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ማውጣት፥ ጣራውን መልሶ መበየድ ብቻ ይመስለዋል። ዳሩ ግን የአውቶሞቢል ምሰሶ እንደ ቤት ምሰሶ ቀጥ ብሎ የቆመ አይደለም፤ ወደ ውስጥ ያዘነበለ ነው። ስለዚህ የላይኛው ክፍል ሲወርድ ከታችኛው ጋር አይገጥምም። ወይም ጣራው ተሰንጥቆ መርዘምና መስፋት አለበት፤ ወይም ምሰሶዎቹ ከቀድሞው ይበልጥ ማዘንበል አለባቸው። በዚህም ጊዜ የሚለወጠው የመስኮቱ ቁመት ብቻ አይደለም፤ የማዕዘኖቹም ልክ አብሮ ይለወጣል።

የክፈፉ ችግር የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። የቀድሞውን ክፈፍ ከሁለት ከፍሎ ማሳጠር አይበቃም። መልካም ባለእጅ አስቀድሞ የምሰሶዎቹን ሥራ ይጨርሳል፤ ቀጥሎ የመስታወቱን ልክ በካርቶን ያወጣል፤ ወደ ክፈፉ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በፋብሪካ ተጨፍልቀው የወጡትን ክብ ማዕዘኖች በእጅ መልሶ መሥራት አስቸጋሪ ስለ ሆነ፥ እነርሱን ሳይነካ ቀጥ ካለው ወገን ላይ ይቆርጣል። ማዕዘኑ መጥበብ ወይም መስፋት ቢኖርበት በጠርዙ ላይ እንደ ሽብልቅ ያለ ትንሽ ቅድ አውጥቶ ቀስ እያለ ያጥፈዋል። ከዚያ ክፈፉን በቦታው አስሮ በነጥብ በነጥብ ይበይደዋል፤ ሳያቋርጥ የተበየደ ስስ ላሜራ በሙቀት ይጣመማልና። በመጨረሻም በሞረድ ያስተካክለዋል። ስቱኮ የሚገባው ለጥቂት ጭረት ነው እንጂ ያልገጠመን ሥራ ለመሸፈን አይደለም።

መስታወቱም የራሱ ሕግ አለው። በሁለት ገጽ ተጣብቆ የተሠራው የፊት መስታወት በጥንቃቄ ሊቆረጥ ይችላል። በሙቀት የጠነከረው የጎን መስታወት ግን ሊቆርጡት ሲሞክሩ ወደ ፍርፋሪ ይበተናል፤ ስለዚህ በአዲሱ ልክ ሌላ መሠራት አለበት። ክፈፉ በ2 ሚሊ ሜትር ቢሳሳት መስታወቱ ይጨነቃል ወይም ይንኳኳል። ስለዚህም ክፈፍ የሥራው ሁሉ ምስክር ነው፤ በምሰሶውና በጣራው የተደረገው ስሕተት ሁሉ ተደምሮ የሚገለጠው በእርሱ ላይ ነውና።

ከዚህ የተነሣ ሦስት ፈተናዎች ልናቀርብ እንችላለን። አንደኛው የእጅ ፈተና ነው፤ ጣትን በመስኮቱ ዙሪያ በውስጥ በኩል ማዞር፥ የሚቧጥጥ ጠርዝ መኖሩንም ማየት። ሁለተኛው የዓይን ፈተና ነው፤ በወንበሩ ላይ ተቀምጦ ምን እንደሚታይና ምን እንደሚጋረድ መመርመር። ሦስተኛው የውኃ ፈተና ነው፤ ይኸን እንኳ ክረምቱ ራሱ ይፈትነዋል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ከአሮጌ አውቶሞቢሎች መካከል እንደ ቮልስዋገን የተወደደ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ሕዝቡም በቁልምጫ ቮልስ ይለዋል። በታሪካችንም ስፍራ አለው፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን ሲወርዱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በዚሁ በትንሹ አውቶሞቢል ነበር። ዛሬም በአዲስ አበባ ቮልስን በልዩ ልዩ ቀለም የሚያስቀቡ፥ ጎማውን የሚያሰፉ፥ ውስጡን በአዲስ ቆዳ የሚያለብሱ ባለቤቶች አሉ። ጣራውን እስከ መቁረጥ መድረስ ግን ገና አልተለመደም። ይሁን እንጂ ፎቶግራፉን አይቶ የሚመኘው ወጣት ስለማይጠፋ ምክሩ ቀድሞ ቢነገር ይሻላል።

በቮልስ ውስጥ እንደ መርኩሪው ያለ በብሎን የሚታሰር የላሜራ ክፈፍ አይገኝም። የጣራው ጨርቅ እስከ መስኮቱ ጠርዝ ወርዶ በመስታወቱ ጎማ ሥር ይገባል፤ ክፈፉ ያው ጨርቁና ጎማው ነው። ይኸ ሥራውን የሚያቀልለው ይመስላል፤ እንዲያውም የሚያከብደው ነው። ጎማው በማዕዘኑ ላይ በትክክል ካልተቀመጠ ይከፈታል፤ ውኃ በዚያ ይገባል፤ ጨርቁ ውኃውን ይጠጣል፤ ላሜራው ማንም ሳያየው ከሥሩ ይዝጋል። ጨርቅ ስሕተትን ይሸፍናል እንጂ አያርምም።

ደግሞም የተበላሸውን ጥሎ ሌላ ማምጣት አይቻልም። የቮልስ መሠራት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2003 በሜክሲኮ ፈጽሞ ቆሟል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ ተሽከርካሪ ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። በአገር ውስጥ ያለው ቮልስ ቁጥሩ ሊቀንስ ይችላል እንጂ የሚጨምርበት መንገድ ጠባብ ነው። ስለዚህ ክፈፉን መልሶ ማበጀት የማይችል ሰው የቮልስን ጣራ ቢቆርጥ ነገሩ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆናል።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ጥቂት ሰዎች ጌጥ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር፥ ቀጥሎ ያለው ለብዙ ሺህ ተሳፋሪ የሚሆን ነው። በጭነት መኪና ሻንሲ ላይ፥ በተለይም በአይሱዙ ላይ፥ በአገር ውስጥ አካል ተሠርቶላቸው ሰው የሚያመላልሱ አውቶቡሶች አሉ። ሕዝቡ ቅጥቅጥ ብሏቸዋል። ስሙ ከመዶሻው የመጣ ነው፤ በውስጡም ጥቂት ንቀት፥ ጥቂትም አድናቆት አለ። አድናቆቱ የሚገባ ነው፤ ያለ ትልቅ መጭመቂያ መኪና፥ በመዶሻና በብየዳ ብቻ፥ ከጭነት መኪና አውቶቡስ ማውጣት ታላቅ ብልሃት ነው።

ነገር ግን ሦስቱን ፈተናዎች እናቅርብለት። ከአንዳንዶቹ ቅጥቅጦች ውስጥ ጣት በመስኮቱ ዙሪያ ሲዞር የላሜራው ቁርጥ ጠርዝ ሳይታጠፍ ቀርቶ ይገኛል፤ የብሎኑም ራስ በተሳፋሪው ጆሮ አጠገብ ወጥቶ ይታያል። መኪናው በድንገት ሲቆም ራስ የሚመታው ከዚያው ላይ ነው። የመስኮቱ ምሰሶና የወንበሩ ተራ ሳይመካከሩ ስለ ተሠሩ፥ ለአንዱ ተሳፋሪ መስኮት ሲደርሰው ለሌላው ምሰሶ ይደርሰዋል። ከውጭ ሲታይ ግን ቀለሙ ያማረ፥ ጽሑፉ የደመቀ ነው። ይኸ ከአንገት በላይ የሆነ ሰላምታን ይመስላል።

በሐዋሳ ጎዳናዎች የሞላው ባጃጅም ከዚህ ሕግ አያመልጥም። ባጃጅ ከፋብሪካ ሲወጣ ጎኑ ክፍት ነው፤ በርና የጎን መስኮት የሚጨምርለት የከተማው ባለእጅ ነው። በብርድና በዝናብ ጊዜ ተሳፋሪ እንዳይጎዳ ሸራ ይሰፋለታል፥ በሸራውም ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ይገባበታል። ይኸ ለተሳፋሪው የታሰበ ሥራ ስለ ሆነ ሊመሰገን ይገባል። ዳሩ ግን በፊተኛው መስታወት ዙሪያ ዘርፍ፥ አበባና ተለጣፊ ሥዕል እየበዛ ሲሄድ ክፈፉ መስኮቱን ይበላዋል። ነጂው በቀኝና በግራ የሚመጣውን እግረኛ በጠበበ ቀዳዳ ያያል። ጌጡ ለዓይን ደስ ቢያሰኝም የዓይንን ፈተና ወድቋል። የመስኮት ጌጥ ወሰኑ ከጠርዙ ላይ ነው፤ ከጠርዙ ካለፈ መጋረጃ ይባላል።

ምናልባት «እኛ ድሆች ነን፤ መኪናው ከሄደ ይበቃል፤ ስለ ክፈፍ መጨነቅ ቅንጦት ነው» የሚል ይኖራል። ይኸ ክርክር በሁለት ምክንያት አይጸናም። መጀመሪያ፥ የላሜራን ጠርዝ አጥፎ ለመመለስ የሚያስፈልገው 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ላሜራና ጥቂት ሰዓት ነው፤ የታጠፈ ጠርዝ ደግሞ እጅ ከመቁረጥ መዳኑ ብቻ ሳይሆን ላሜራውን ያጠነክረዋል። ሁለተኛ፥ ለደማቅ ቀለምና ለጌጥ ገንዘብ የሚገኝ ከሆነ ድህነት ለክፈፉ ብቻ ምክንያት ሊሆን አይችልም። እውነተኛው ምክንያት ሌላ ነው። ዋጋ የሚከፍለው ባለንብረት መኪናውን ሲረከብ ከውጭ ዞሮ ያየዋል፤ ገብቶ በኋላኛው ወንበር አይቀመጥም። ባለእጁም የሚመሰገንበትን አሳምሮ ይሠራል፥ የማይጠየቅበትን ይተዋል። ስለዚህ ነቀፌታው በባለእጁ ላይ ብቻ ሊወድቅ አይገባም፤ ግማሹ የባለንብረቱ፥ ከቀረውም ጥቂቱ ሳይጠይቅ የሚሳፈረው የሁላችን ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? የምሕንድስና ተማሪዎች ስለ ሞተር እንደሚያጠኑ ሁሉ ስለ ቅጥቅጥ አካል፥ ስለ መስኮቱና ስለ ጠርዙም ቢያጠኑ፥ ከባለእጆቹም ጋር ልክ ቢለዋወጡ ሁለቱም ወገኖች ይጠቀማሉ። የእጅ ሥራ ትርኢት በሚዘጋጅበት ጊዜ ከሸማውና ከሸክላው አጠገብ አንድ በእጅ የተሠራ የመስኮት ክፈፍ ቢቀመጥ አሳፋሪ ሊሆን አይችልም። ገዢውም መኪናውን ከመረከቡ በፊት ገብቶ ይቀመጥ፤ ጣቱን በመስኮቱ ዙሪያ ያዙር፤ ወደ ውጭም ይመልከት። ለቀለሙ የሚከፍለውን ዋጋ ከዚህ በኋላ ቢቆርጥ አይቆጨውም።