«ኦሮማይ» እና ወዳጆቹ

የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ወዳጆች መጽሐፉ በተነሣ ቁጥር የሚጠያየቁት «ይህ ገጸ ባሕርይ የትኛው ባለ ሥልጣን ነው?» እያሉ ነው። በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ የተሰበሰበ፣ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. ወጥቶ የቀረበት መጽሐፍ ነውና አይፈረድባቸውም። ዳሩ ግን እንዲህ ያለው ፍቅር ልብ ወለዱን የምስክር ቃል ብቻ ያደርገዋል፤ ፊያሜታም ትረሳለች። የቀይ ኮከብ ዘመቻን ሊዘግብ አሥመራ የዘመተው ጋዜጠኛ ፀጋዬ ከተማዪቱን የሚያውቃት በእርሷ በኩል ነው፤ የዘመቻው መፈክር የማይነግረውን ሁሉ የሚሰማው ከእርሷ ጎን ሆኖ ነው። ርእሱ ራሱ የአሥመራ ቃል ነው፤ ከጣልያንኛው «ኦርማይ» የመጣ፣ «አበቃ፣ አከተመ» እንደ ማለት። በ2025 እ.ኤ.አ. የወጣው የእንግሊዝኛ ትርጉም ቃሉን እንዳለ መተዉ ደግ አደረገ፤ «አበቃ» ብቻ ቢባል የከተማዪቱ ድምፅ አብሮ በጠፋ ነበር።