ስለ አራዊት የሚነገረው ተረትና የሚታየው እውነት

ተረትና ምሳሌ የአንድ ሕዝብ የዕውቀት ጎተራ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። አባቶቻችን መጽሐፍ እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን ልጆቻቸውን ያስተማሩት፥ ጨካኙን የገሠጹት፥ ችኩሉን ያረጋጉት በዚሁ መሣሪያ ነው። በተረታችንም ውስጥ ከሰው ይልቅ አውሬው ይናገራል፤ አንበሳ ይፈርዳል፥ ጦጣ ታታልላለች፥ ጅብ ይሞኛል። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ተረቱን ለማጥላላት ሳይሆን፥ እኛ ተረቱን የወረስንበትን መንገድ ለመመርመር ነው። ተረቱ ሁለት ነገር ይዞ ነበርና፤ አንደኛው ምክር ነው፥ ሁለተኛውም ምክሩን ያስገኘው ትዝብት ነው። ምክሩን ተቀበልን፤ ትዝብቱን ግን እንደ ገለባ ጣልነው።

ለምሳሌ ያህል «የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል» የሚለውን አነጋገር እንውሰድ። ተማሪ ትርጓሜውን ቢጠየቅ «መቸኰል አይገባም ማለት ነው» ብሎ ይመልሳል። መልሱም ትክክል ነው። ዳሩ ግን «ስለ ምን ቀንድ ተባለ? ስለ ምን አጥንት አልተባለም?» ተብሎ ቢጠየቅ ዝም ይላል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ጅብ የበሬን የጭን አጥንት ሰብሮ ይበላል፥ ሆዱም ያንን አጥንት ይፈጨዋል፤ ስለዚህ ኩሱ ሲደርቅ እንደ ኖራ ነጭ ይሆናል። ጠጕርን፥ ሰኮናንና ቀንድን ግን ሆዱ ስለማይፈጨው መልሶ ይተፋዋል። እንግዲህ አጥንት ለጅብ ምግቡ ነው፤ ቀንድ ግን ከንቱ ድካም ነው። ምሳሌውን መጀመሪያ የተናገረው ሰው ይህን ልዩነት ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው መሆን አለበት። በቀንድ ፈንታ አጥንት ብሎ ቢሆን ኖሮ ምሳሌው ሐሰት በሆነ ነበር።

«መጀመሪያ የመቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ» የሚለውም እንዲሁ ነው። እሾህ መላ አካላቷን የወጋት ዝንጀሮ «ከየት እንጀምርልሽ?» ብትባል እንዲህ ስትል መለሰች ይባላል። ልጆች ይህን ሲሰሙ ይሥቃሉ፤ ትልልቆቹም «ዋናውን ነገር ማስቀደም ይገባል» ሲሉ ይተረጕሙታል። ለዝንጀሮ መቀመጫዋ ስለ ምን ዋና እንደ ሆነ ግን የሚያስረዳቸው የለም። ዝንጀሮ ሌሊቱን በገደል ላይ ተቀምጣ ታድራለች። በአገራችን ብቻ የሚገኘው ጭላዳ ደግሞ አብዛኛውን ቀን የሚያሳልፈው ሣር በመንጨት ነው፤ የሚነጨውም ተቀምጦ ነው፤ በፊቱ ያለው ሣር ሲያልቅ ብድግ ሳይል በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። መቀመጫው የቆሰለ ጭላዳ እጁ እንደ ተሰበረ ገበሬ ነው። የሚያሥቀው ተረት ሥሩ ሲታይ የኑሮ ነገር ሆኖ ይገኛል።

ነገር ግን ተረት ሁሉ በእውነት ላይ ቆሟል ማለት አይደለም፤ ያወረሰን ስሕተትም አለ። «አያ ጅቦ» ስንል የምናስበው ወንድ፥ ሆዳም፥ ፈሪና ሞኝ የሆነ ፍጥረት ነው። ጅብን በቅርብ ያጠኑት ሰዎች ያገኙት ግን ሌላ ነው። በጅብ መንጋ ውስጥ የምትገዛው ሴቲቱ ናት፤ በአካልም ከወንዱ ትበልጣለች። ሃንስ ክሩክ የተባለው ሊቅ በታንዛንያ ሌሊት ሌሊት ጅብን ተከታትሎ በአውሮጳ አቈጣጠር በ1972 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ጅብ የሌላውን ትራፊ ለቃሚ ብቻ ሳይሆን ራሱ ብርቱ አዳኝ መሆኑን አስረዳ። በአገራችንም በመቐለ ከተማ ዙሪያ የተደረገና በ2021 የወጣ ጥናት እንደሚገምተው፥ በዚያ ያሉት ጅቦች በየዓመቱ 207 ቶን ያህል የከብት ጥንብ ያነሣሉ፤ በዚህም አባ ሰንጋና የሳንባ ነቀርሳ ወደ ሰውና ወደ ከብት እንዳይዛመት ይረዳሉ። ሞኝ የተባለው አውሬ ያለ ደመወዝ የጽዳት ሠራተኛ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

አለማወቅ የሚጐዳው አውሬውን ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ ነበር። ስለ ጅብ የነበረው ፍርሃትና የተሳሳተ ወሬ ግን ወደ ሰው ተሻግሯል። ብረት ቀጥቅጦ ማረሻ የሚሠራውን፥ ሸክላ ሠርታ ድስቱንና ጀበናውን የምታቀርበውን ጎረቤት «ቡዳ ነው፥ ሌሊት ጅብ ይሆናል» በማለት ስንት ዘመን ስናርቀው ኖርን! ቤተ እስራኤሎችም በዚሁ ነቀፋ ብዙ መከራ አይተዋል። ጅብ ሌሊት የሚወጣው ስለ ምን እንደ ሆነ፥ ምን እንደሚበላ፥ ወዴት እንደሚገባ የሚያውቅ ሰው ይህን ወሬ በቀላሉ አይቀበልም። ስለዚህ አውሬን ማወቅ ትርፍ ጊዜ ያለው ሰው ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ በሰው ላይ በሐሰት ከመፍረድም ያድናል።

ሁለተኛው ማስረጃ ቀይ ቀበሮ ነው። ይህ አውሬ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም። ለአካለ መጠን የደረሰው ሁሉ ቢቈጠር 500 አይሞላም፤ ከዚህም ከግማሽ የሚበልጠው በባሌ ተራሮች ይኖራል። በተረታችን ቀበሮ የበግ ሌባ ነው፤ ስለዚህ ግልገል በጠፋ ቍጥር ስሙ ይነሣል። በባሌ የተደረገው ጥናት ግን ከምግቡ ውስጥ ከመቶው ከ90 የሚበልጠው አይጥና ፍልፈል መሆኑን አሳይቷል። የሚፈጀውም በውሻ በኩል የሚመጣ የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ በአውሮጳ አቈጣጠር በ1991፥ በ2003 እና በ2008 በባሌ ወረርሽኝ ገብቶ ብዙውን ጨርሶታል። ይህን ያወቀ እረኛ ውሻውን ያስከትባል፤ ውሻውም፥ ልጆቹም፥ ቀበሮውም ይድናሉ። ተረቱን ብቻ የሰማ እረኛ ግን በትሩን ያነሣል።

በአገሩ የኖሩት ሰዎች ግን ይህን አውሬ ተመልክተውታል። የባሌ ኦሮሞዎች «ጀዳላ ፈርዳ»፥ ማለት የፈረስ ቀበሮ ይሉታል፤ ይህም ለመውለድ የተቃረበችውን ባዝራ ወይም ላም እየተከተለ የእንግዴ ልጁን ስለሚበላ ነው። አንድ ስም ብቻውን የስንት ዓመት ትዝብት እንደ ያዘ እዩ! ስሙን ሳናውቅ በቀረን መጠን ትዝብቱም ከኛ ይርቃል።

በሰሜን ሸዋ በመንዝ የሚገኘው የጓሳ ሣር ምድር ደግሞ ዕውቀት በሥርዓት ሲተላለፍ ምን እንደሚያተርፍ ያሳየናል። የአገሩ ሰዎች ከ300 ዓመት በላይ ይህን ምድር በጋራ ሕግ ጠብቀው፥ ሣሩ እንዲያገግም ለዓመታት እየዘጉ፥ ሲደርስም ለቤት ክዳንና ለገመድ እያጨዱ ኖረዋል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲታወጅ የቀድሞው ሥርዓት ፈረሰ፤ ነዋሪዎቹ ግን በኋላ በኮሚቴ ተደራጅተው ጥበቃውን ቀጠሉ። ለቤታቸው ክዳን ብለው የጠበቁት ሣር ለጭላዳውና ለቀይ ቀበሮው መኖሪያ ሆነ። በዚያው በጓሳ የተደረገና በ2015 የወጣ ጥናት፥ ቀይ ቀበሮ በጭላዳዎች መካከል ቀስ ብሎ እየተራመደ አይጥ ሲያድን ከመቶው 67 ጊዜ ሲሳካለት፥ ብቻውን ሲሆን የሚሳካለት 25 ጊዜ ብቻ መሆኑን አመለከተ። የጭላዳውንም ግልገል አይነካም። ተረት አዋቂው ይህን ቢያይ ኖሮ ስለ ጕርብትና እንዴት ያለ ምሳሌ በፈጠረ ነበር!

አንዳንድ ሰው «ተረት ተረት ነው፤ ለልጅ መዝናኛ ከሆነ በቂ ነው፥ የአራዊትን ነገር የትምህርት ቤት መጽሐፍ ይነግረዋል» ይል ይሆናል። እርግጥ መጽሐፍ ብዙ ይነግራል። ነገር ግን ዋልያ በሰሜን ተራሮች ብቻ እንደሚገኝ ለፈተና ሸምድዶ፥ በደጁ ዛፍ ላይ የሚጮኸውን ወፍ ስም የማያውቅ ተማሪ ጥቂት አይደለም። ቀድሞ እረኛው ልጅ ቀኑን ሙሉ በመስክ ውሎ ከታላላቆቹ ጋር እያየ ይማር ነበር። ዛሬ ያ ልጅ ትምህርት ቤት ይውላል፤ መዋሉም የሚያስደስት ነው፤ ያየውን የሚነግረው ሽማግሌ ግን ሰሚ አጥቶ ያረጃል።

ሽማግሌ የተናገረው ሁሉ እውነት ነው ማለትም አይደለም። «ጅብ ወንድም ሴትም ነው» የሚለው የቆየ አባባል የተሳሳተ ነው፤ የሴቲቱ ኀፍረተ ሥጋ የወንዱን ስለሚመስል ተመልካቹ ተሳስቶ ነው እንጂ ወንዱና ሴቲቱ የተለያዩ ናቸው። ነገር ግን በዚህ ስሕተት ውስጥ እንኳ በቅርብ የመመልከት ምልክት አለበት። ያልተመለከተ ሰው እንዲህ ያለውን ስሕተት እንኳ ሊሳሳት አይችልም።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፥ ከእናንተ የሚጠበቀው ከባድ ነገር አይደለም። ወደ አያታችሁ ስትሄዱ «ተረት ንገሩኝ» ብላችሁ ብቻ አትመለሱ፤ ተረቱ ካለቀ በኋላ «እርስዎ ራስዎ ያዩት ምንድን ነው? የት? በየትኛው ወር? ምን ሲበላ?» ብላችሁ ጠይቁ። የነገሯችሁን በደብተር ጻፉት፤ በዐይን ያዩትንና ከሰው የሰሙትን ለዩት። ቀጥሎም መጽሐፍ ካለው ጋር አስተያዩት፤ በመጨረሻም ወጥታችሁ ራሳችሁ ተመልከቱ። ለታናሽ ወንድማችሁና ለታናሽ እኅታችሁ ስለ ጅብ ችኩል ስትተርቱላቸው ስለ ቀንዱና ስለ አጥንቱ አብራችሁ ንገሯቸው። ያን ጊዜ ልጁ ምክሩንም አውሬውንም ያውቃል፤ ያወቀውንም አውሬ በከንቱ ድንጋይ አይወረውርበትም።