«ዕጢ» እና «ለየ»፤ ስለ ጡት ምስል ትንተና ስያሜዎች

«ኮምፒዩተሩ የጡቱን ዕጢ ለየ» የሚል ዐይነት አነጋገር በሕክምና ማብራሪያዎች ያጋጥመናል። ነገሩ የጡት የራጅ ምስልን በሒሳብ እየተነተኑ ካንሰርን ስለ መፈለግ ነው። ዓረፍተ ነገሩ በሰዋስው ረገድ እንከን የለበትም፤ ከቃላቱ ግን ሁለቱ ያሳስታሉ።

«ዕጢ» በሥነ ሕይወት መጻሕፍት ንጥረ ነገር የሚያመነጭ ጤነኛ የአካል ክፍል ነው። «የአንጎል ዕጢ» ሲባል ግን ያለ ልክ ያደገ ሥጋ ማለት ይሆናል። ጡት በተፈጥሮው ወተት አመንጪ ዕጢ ያለበት በመሆኑ ሁለቱ ፍቾች እዚያው ይጋጫሉ። በምሥራቅ ጎጃም፣ በሮብ ገበያ የምትኖር አንዲት እናት ከሆስፒታል ይዛው በተመለሰችው ወረቀት ላይ ልጇ «የጡት ዕጢ ታይቷል» ብላ ብታነብላት፣ የሰማችው ጤናዋን ነው ወይስ ሕመሟን? የሚገርመው፣ ምስሉም የሚያደናግረው በዚሁ ነው። ዕጢ ያለበት ጤነኛ ሥጋ በራጅ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ካንሰሩም እንዲሁ ነጭ ነው። ስለሆነም ዕጢ የበዛበት ጡት ካንሰሩን ሊሸሽገው ይችላል። ምስሉ የደባለቀውን እኛ በቃል ደግመን ደባለቅነው።

«ለየ» የባሰ ነው። መሣሪያው የሚያየው ቁጥር ነው፤ ምስሉ በጥቃቅን ነጥቦች ተከፋፍሎ የእያንዳንዱ ነጥብ ንጣት በቁጥር ይሰፈራል። ስሌቱም አንዱን ቁጥር ከጎረቤቶቹ ጋር እያነጻጸረ የጠርዝን መጎርበጥ፣ የገጽን ሸካራነት፣ የካልሲየም ቅንጣቶችን መሰባሰብ ይከታተላል። በመጨረሻ የሚሰጠው ምልክትና የጥርጣሬ መጠን ነው። ካንሰር መሆኑ የሚለየው ከሥጋው ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው። ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም። በአሜሪካ እንዲህ ያለ መሣሪያ በ1998 እ.ኤ.አ. ከተፈቀደ በኋላ፣ 43 ተቋማትን ያካተተና በ2007 የታተመ ጥናት መሣሪያው በገባባቸው ዘንድ ናሙና የመውሰዱ ድርጊት 20 በመቶ ያህል ከፍ ማለቱን፣ የንባቡ ትክክለኛነት ግን ዝቅ ማለቱን አሳየ። በ2023 ከስዊድን የተሰማው የተሻለ ነው፤ 80,000 ያህል ሴቶች በተካተቱበት ጥናት፣ ከብዙ ምስሎች እየተማረ የተሠራው አዲሱ መሣሪያ የሐኪሞችን የንባብ ሥራ በ44 በመቶ አቀለለ፤ የተገኘው ካንሰርም አላነሰም። በዚያም ቢሆን ሴቲቱ ለተጨማሪ ምርመራ ትጠራ ዘንድ የሚወስነው ሐኪሙ ነበር።

እኛ በበኩላችን «ጠቆመ»ን እናቀርባለን። ጥቆማ ፍርድ አለመሆኑን የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ የለም (ያወቀ ሁሉ ይጠነቀቃል ማለታችን ግን አይደለም)። «ዕጢ» ለጤነኛው ይቆይ፤ በእጅ ለሚዳሰሰው «እብጠት»፣ በምስል ብቻ ለሚታየው «አጠራጣሪ ስፍራ» ይበቃል። በብብት ለሚያብጠው ደግሞ ሕዝቡ «ንፍፊት» የሚል ቃል ስላለው ሌላ መፍጠር አያስፈልግም። «ነቀርሳ»ን በተመለከተ፣ ቃሉ «የሳንባ ነቀርሳ» ተብሎ ለቲቢ ተሰጥቶ ሳለ ለዚህም መዋሉ ተላላፊውን ካልተላላፊው ያደባልቃል። ባዕድ ቢሆንም «ካንሰር»ን እንመርጣለን።