ጭቃ ማን ይገዛል?

ባለፈው ታኅሣሥ አዳማ ውስጥ አንድ ሆቴል ገብቼ ቡና አዝዣለሁ። የሆቴሉ ስም ይቅር። ውጭ የአዳማ ነፋስ አቧራውን ያነሳዋል፣ ይጥለዋል። ከፊት ለፊቴ ግድግዳ ላይ ግን በረዶ!

ትልቅ የዘይት ቀለም ሥዕል ነው። ከግንድ የተሠራች የገጠር ቤት፣ በረዶ የተጫናቸው ጥዶች፣ የረጋ ወንዝ። እውነቱን ለመናገር ሥዕሉ ሙያ አለበት፤ በረዶ ላይ የሚወድቅ ጥላ ወደ ሰማያዊ እንደሚያደላ እንኳን ሠዓሊው አልሳተም። ግን አይበርድም። ከቤቷ ጭስ ይወጣል፤ እንጨቱን ማን አመጣው? በዚያ ሁሉ በረዶ ላይ አንድ የእግር ዱካ የለም። ሰው የማይኖርበት ገጠር ነው።

አስተናጋጇን "ይሄ ምንድነው?" ብላት "ክረምት ነዋ!" አለችኝ። መቼስ ምን ይደረግ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም በሚወርደው ዝናባችን ላይ የነበረውን ስም ለፈረንጅ በረዶ ካዋስነው ቆይቷል። ፈረንጅ በረዶ ሲጠርግ የእኛ ገበሬ እኮ በጠራራ ፀሐይ አውድማ ላይ ነው።

ጠይቄ ጠያይቄ ሠዓሊውን አገኘሁት። ወጣት ነው፤ አባቱ ዝዋይ (ባቱ) አጠገብ ያርሳሉ። በረዶ በዓይኑ አይቶ አያውቅም፤ ከቀን መቁጠሪያ ላይ ነው የገለበጠው። "ታዲያ የራስህን ክረምት ለምን አትሥልም?" አልኩት። ሳቀብኝ።

"ጋሼ፣ ጭቃ ማን ይገዛል?"

መልስ አጥቼ ተለያየን። መልሱ የመጣልኝ ወደ አዲስ አበባ ስመለስ መኪና ውስጥ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1871 አሌክሲ ሳቭራሶቭ የተባለ ሩሲያዊ "ቁራዎቹ ተመለሱ" የሚል ሥዕል ሠራ። እሱም በዘይት ቀለም፣ እሱም የገጠር በረዶ ነው። ግን በረዶው ቆሽሿል፣ ቀልጦ ውሃ አቁሯል፤ ዛፎቹ ጎባጣ ናቸው፤ ከአጥሩ ጀርባ የመንደር ቤተ ክርስቲያን ይታያል። ቁራዎቹ ጎጇቸውን እየጠገኑ ነው። ከባዱ ወቅት ሊያልፍ መሆኑን የሚያውቀው በዚያ ወቅት የኖረበት ሰው ነው። ያንን ጭቃ የገዛው ፓቬል ትሬቲያኮቭ የሚባል የሞስኮ ነጋዴ ነው። ሩሲያውያን በስሙ በሚጠራው ሙዚየም ውስጥ ዛሬም ፊቱ ይቆሙለታል።

ይህ ትምህርት ለእኛም ሩቅ አይደለም። ሠዓሊ ታደሰ መስፍን ሌኒንግራድ ድረስ ሄዶ ተምሮ፣ በአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ብዙዎችን አስተምሯል። ዝናው አገር የተሻገረው ግን የሩሲያን በረዶ በመገልበጥ አይደለም፤ ጉልት ላይ የሚውሉትን የአገሩን ሴቶች በመሣል ነው።

የእኛስ ክረምት? ሐምሌ ላይ ከሞጆ እስከ መቂ ያለውን ሜዳ በመኪና ያለፈ ሰው "እንዴት ያምራል!" ይላል። ግራሩ ታጥቧል፣ መሬቱ ለምልሟል። ያ ልምላሜ ግን ብዙ ቤት ውስጥ ጎተራ የሚሟጠጥበት ወቅት ነው። ዘሩ መሬት ውስጥ ነው፤ አዲሱ እህል እስኪደርስ ገና ወራት ይቀሩታል። አገሩ ከምንጊዜውም በላይ አረንጓዴ የሚሆነው ገበሬው ከምንጊዜውም በላይ በሚቸገርበት ጊዜ ነው። ይህን በአንድ ሸራ ላይ ማሳየት የሚችል የዚያ ገበሬ ልጅ፣ የማያውቀውን ብርድ እየሣለ ይኖራል። ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም። ግድግዳው የእኛ ነው፤ የምንከፍለውም እኛ ነን።

እኔ ትሬቲያኮቭን አይደለሁም፤ ደመወዝተኛ ነኝ። ቢሆንም በማግሥቱ ደውዬ አንድ ትንሽ ሥዕል አዘዝኩት፤ ቀብድም ላክሁለት። "ምን ልሣል?" አለኝ።

"የሐምሌን ማሳ" አልኩት። "ጭቃው ላይ ግን የአባትህ የእግር ዱካ እንዳይቀር።"