ታማኝ ውሻና የወጣትነት ልብስ
(ትዝታን ስለ መጻፍ የቀረበ ሒስ)

በአገራችን አነጋገር ውሻ ሁለት ፊት አለው። ሰው ባልንጀራውን ሊያዋርድ ሲፈልግ «ውሻ» ብሎ ይሰድበዋል፤ ያው ሰው ግን ማታ በሩን ዘግቶ ሲተኛ ቤቱንና ከብቱን ለዚሁ እንስሳ ዐደራ ሰጥቶ ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለውም ተረት እንደ ተናጋሪው ሐሳብ አንድ ጊዜ ለነቀፋ፣ አንድ ጊዜም ለምስጋና ሲነገር ይሰማል። የልብስም ነገር ከዚህ አይርቅም። ወጣቱ የለበሰውን አዲስ ዐይነት ልብስ ሽማግሌው ይነቅፈዋል፤ ወጣቱ ራሱ ሸምግሎ ወደ ኋላ ሲመለከት ግን ያ የተነቀፈው ልብስ በልቡ ውስጥ እንደ ማር ይጣፍጠዋል።

እነዚህን ሁለት ነገሮች አንድ ላይ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በዕድሜ የገፉ ሰዎች የልጅነትና የወጣትነት ትዝታቸውን ሲጽፉ፣ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ሁለቱን ደጋግመን እናገኛቸዋለን፤ አንደኛው ከበር ላይ ሆኖ የሚጠብቅ ታማኝ ውሻ፣ ሁለተኛው በዚያን ጊዜ የተለበሰ ሱሪ፣ ጫማ ወይም የጠጕር አቈራረጥ ነው። አንባቢም በአንደኛው ዐይኑ እንባ ያቀርራል፤ በሁለተኛው ይሥቃል። ይሁን እንጂ እንባና ሣቅ በቀላሉ የሚገኙ ስለ ሆኑ ጸሐፊውን ያዘናጉታል። የእኔ አስተያየት ይህ ነው፤ ስለ ውሻ ታማኝነት የተጻፈ ትዝታ ዋጋ የሚያገኘው ሰውየው ለዚያ ታማኝነት ምን እንደ መለሰ ሳይሸሽግ ሲናገር ነው፤ ስለ ልብስ የተጻፈውም እንዲሁ ልብሱ በማን ገንዘብና በማን ድካም እንደ ተገኘ ሲናገር ነው። ይህን ለማስረዳት ከታወቁ ድርሰቶች ጥቂቶቹን እንመልከት።

የዚህ ዐይነት ትረካ አባት የግሪኩ ሆሜር ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። «ኦዲሴይ» በተባለው ድርሰቱ ዐሥራ ሰባተኛ ክፍል፣ የኢታካ ንጉሥ ኦዲሴዎስ ከሃያ ዓመት በኋላ ወደ ገዛ ቤቱ ሲመለስ እናየዋለን። ቤቱን ሚስቱን ለማግባት የሚሽቀዳደሙ ጎልማሶች ወርረውታል። እንዳያውቁትና እንዳይገድሉት አቴና የተባለችው የግሪኮች አምላክ መልኩን ለውጣ፣ ቡትቶ አልብሳ፣ ሽማግሌ ለማኝ አስመስላዋለች። የገዛ ልጁ ቴሌማኮስ ስንኳ አባቱን ያወቀው አባትየው ራሱ ማንነቱን ከገለጠለት በኋላ ነው።

በግቢው በር አጠገብ የበቅሎና የበሬ ፍግ በተከመረበት ስፍራ አርጎስ የሚባል ያረጀ ውሻ ተኝቷል። ኦዲሴዎስ ወደ ትሮያ ጦርነት ከመዝመቱ በፊት በእጁ ያሳደገው ነበር። አርጎስ ጕልበት በነበረው ጊዜ የዱር ፍየልና አጋዘን፣ ጥንቸልም ለማደን ይወስዱት ነበር፤ ጌታው ከራቀ ወዲህ ግን የሚመለከተው ጠፍቶ ገላውን መዥገር ወርሶታል። ጌታው መቅረቡን ባወቀ ጊዜ ጅራቱን ቆላ፤ ሁለቱን ጆሮዎቹንም ጣል አደረገ፤ ተነሥቶ ለመቅረብ ግን አቅም አልነበረውም። ኦዲሴዎስም አብሮት የሚሄደው እረኛ እንዳያይበት ፊቱን አዙሮ እንባውን ጠረገ፤ ስለ ውሻው እንደ ማያውቅ እንግዳ ሆኖ ጠየቀ። ውሻው ጌታውን በሃያኛው ዓመት ካየ በኋላ ሞተ።

ሆሜር ይህን ሁሉ የጨረሰው ከዐርባ በማይበልጥ መስመር ነው። በዚህ አጭር ቦታ ውስጥ ግን ሦስት ነገሮች ተቀምጠዋል። አንደኛ፣ ሰውን ሁሉ ያሳተው ቡትቶ ውሻውን አላሳተውም፤ ሰው የሚያየው ልብስን ሲሆን ውሻ ሰውየውን ያውቃል። ሁለተኛ፣ ደራሲው ውሻውን ንጹሕ ምንጣፍ ላይ አላስተኛውም፤ የተረሳ መሆኑን እስከ መዥገሩ ድረስ አሳይቶናል። እረኛው ኤውሜዎስም ጌታ በሌለበት ቤት አገልጋዮች ሥራቸውን እንደሚተዉ ሲናገር፣ ነገሩ ከውሻው አልፎ ስለ ቤቱ አስተዳደር ይሆናል። ሦስተኛ፣ ኦዲሴዎስ የለበሰውን የለማኝ ልብስ ምስጢር ለመጠበቅ ሲል ውሻውን አልዳሰሰውም። ምክንያቱ በቂ ነው፤ ቢሆንም ውሻው ያልተከፈለ ዕዳ ይዞ ሞተ። አንባቢን የሚያሳዝነውም ይህ ዕዳ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ። በጃፓን አገር ሀቺኮ የተባለው ውሻ ታሪክ በዓለም ሁሉ ታውቋል። ጌታው ኡዬኖ በቶኪዮ ንጉሠ ነገሥታዊ ዩኒቨርሲቲ የእርሻ ትምህርት ፕሮፌሰር ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1925 በግንቦት ወር በድንገት ዐረፉ። ውሻው ግን እ.ኤ.አ. መጋቢት 8 ቀን 1935 እስኪሞት ድረስ ወደ ዐሥር ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሺቡያ ወደሚባለው የባቡር ጣቢያ እየሄደ ጌታውን ይጠብቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1934 ገና በሕይወት ሳለ የነሐስ ሐውልት ቆመለት፤ ሐውልቱ በጦርነቱ ጊዜ ለብረት ተብሎ ስለ ቀለጠ፣ እ.ኤ.አ. በ1948 ሌላ ተተክቶለታል።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1932 ጋዜጣ ስለ ውሻው ጽፎ ዝናው ከመውጣቱ በፊት፣ በጣቢያው እንደ ማንኛውም ባለቤት የሌለው ውሻ ይገፋና ይባረር ነበር። ሐውልት ያቆመለትና ያባረረው ያው አንድ ሕዝብ ነው። ላሴ ሃልስትረም እ.ኤ.አ. በ2009 ታሪኩን ወደ አሜሪካ አገር አዛውሮ ባዘጋጀው ፊልም ውስጥ ግን የጣቢያው ሰዎች ውሻውን ያበሉታል፤ ይንከባከቡታል። ፊልሙ በሥዕሉ ያማረ ነው፤ ተመልካችንም ያስለቅሳል። ነገር ግን ግፊያው ስለ ወጣለት የቀረው ታማኝነት ምንም የማይጠይቀን ሆኗል። ተመልካቹ እንባውን ጠርጎ፣ ራሱን ደግ ሰው አድርጎ ቈጥሮ ይወጣል። ከሆሜር ፍግ ጋር ሲነጻጸር የዚህ ፊልም ጉድለት እዚህ ላይ ነው።

ስለ ውሻው ይህን ያህል ካልን ስለ ልብሱ ደግሞ እንናገር። በዚህ ረገድ የሩሲያው ደራሲ ጎጎል እ.ኤ.አ. በ1842 ያሳተመው «ካፖርት» የተባለው ታሪክ በተለይ የመሥሪያ ቤት ሰው ሊያነበው የሚገባ ነው። አካኪ አካኪየቪች በአንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ገልባጭ ነው። አሮጌ ካፖርቱ ሳስቶ ወንፊት ስለ ሆነ ልብስ ሰፊው ሊጥፍለት አልቻለም። አዲስ ለማሰፋት ሲል የማታ ሻዩን ተወ፤ ሻማ ማብራት ተወ፤ የጫማው ሶል እንዳያልቅ ስንኳ በእግሩ ጣት ጫፍ መራመድ ጀመረ። ካፖርቱ ተሰፍቶ በደረሰ ዕለት ባልደረቦቹ ደስታቸውን ገለጡለት፤ ሌሊቱን ግን ወንበዴዎች ገፈፉት። ለአቤቱታ የሄደበት ትልቅ ሰው ተቈጥቶ አባረረው፤ ብዙም ሳይቈይ በትኩሳት ሞተ። ጎጎል ስለ ልብሱ ማማር ብቻ ቢጽፍ ኖሮ ታሪኩ ተራ ወሬ በሆነ ነበር። በእያንዳንዱ ስፌት ውስጥ የቀረውን ሻይና የጠፋውን ሻማ ስላሳየን ግን ካፖርቱ የአንድ ሰው ሕይወት ልክ ሆነ።

ጎጎል እ.ኤ.አ. በ1852 ሲሞት ሌላው ሩሲያዊ ደራሲ ቱርጌኔቭ የኀዘን ጽሑፍ አወጣለት፤ በዚህም የተነሣ ታሰረ። በእስር ሳለ የጻፈው «ሙሙ» የተባለው አጭር ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1854 ታተመ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ውሻና ልብስ ይገናኛሉ። ጌራሲም በሞስኮ በአንዲት እመቤት ቤት የሚያገለግል፣ መስማትና መናገር የማይችል ገባር ነው። የወደዳትን ሴት ለሌላ ሰው ከዳሩበት በኋላ የሰጣት ስጦታ ቀይ የራስ መሸፈኛ ነበር። ከዚያ በኋላ ከወንዝ ዳር ያገኛትን ቡችላ አሳደገ፤ ከርስዋ በቀር ወዳጅ አልነበረውም። እመቤቲቱ ግን የውሻዋ ጩኸት እንቅልፍ ነሣኝ ብላ እንድትጠፋ አዘዘች። ጌራሲምም ሌላ ሰው እንዳይነካት ብሎ ትእዛዙን ራሱ ለመፈጸም ተነሣ። በዚያን ቀን የበዓል ልብሱን ለበሰ፤ በምግብ ቤት ሥጋ ያለበት ሾርባ አበላት፤ በጀልባም ወስዶ ጡብ አስሮባት ወንዝ ውስጥ ጣላት። ከዚያም ማንንም ሳያስፈቅድ በእግሩ ወደ ትውልድ መንደሩ ተመለሰ።

አንዳንድ አንባቢዎች ይህን ታሪክ ከመጠን ያለፈ ጭካኔ አለበት ሲሉ ይነቅፉታል። እኔ ግን የበዓል ልብሱን እንዲያስተውሉ እለምናለሁ። ጌራሲም ቃል የለውም፤ ስለዚህ ደራሲው ፍቅሩንና ፍርዱን በልብሱ አናገረው። ሙሙ እስከ መጨረሻው ድረስ ታምናዋለች፤ ጀልባው ውስጥም ያለ ፍርሃት ታየዋለች። ታማኝነት እዚህ ላይ ለአንባቢ የሚያቈላምጥ ነገር መሆኑ ቀርቶ የገባርን ሥርዐት የሚከስስ ምስክር ሆነ። የታማኝዋን ዐይን ከማየታችን ጋር ማን አዘዘ፣ ማንስ ታዘዘ ብለን እንጠይቃለን።

ከዚህ በኋላ ወደ አገራችን ትዝታ ብመለስ አንባቢ አይፈርድብኝም። የእኔ ዘመን ሰዎች በ1960ዎቹ ዓመታት ስለ ለበስነው ቤልቦተም ሱሪ፣ ስለ ጎፈርነው አፍሮ፣ ተረከዙ ስለ ረዘመው ጫማ ስንጨዋወት የምንሥቅ ነን። ነገር ግን ያን ጊዜ ልብስ የሣቅ ነገር ብቻ አልነበረም። በመጋቢት ወር 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በራስ መኰንን አዳራሽ የልብስ ትርኢት በተደረገ ጊዜ ተቃዋሚ ተማሪዎች ሁከት አንሥተው ዩኒቨርሲቲው እስከ መዘጋት ደርሷል። ለትርኢቱ የመጡት ሰዎች የደረሰባቸውን ውርደት፣ ተቃዋሚዎቹም ድኻ ባለበት አገር ይህ ቅንጦት ለማን ነው ያሉትን ጥያቄ ሁለቱንም ሳያነሣ ስለዚያ ዘመን ልብስ የሚጽፍ ሰው ግማሹን ብቻ ነው የጻፈው።

እኔም ሌላውን ስነቅፍ የራሴን አልሸሽግም። በ1963 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ ነጣ ያለ ቤልቦተም ሱሪ አሰፋሁ። ገንዘቡ እናቴ ከዕቁብ የደረሳት ነበር፤ ለራስዋ ነጠላ ልትገዛበት አስባ ነበረች። ወቅቱ ክረምት ነው። ሱሪውን ለብሼ ከልብስ ሰፊው ቤት ስመለስ ጉሬዛ የተባለው ውሻችን እንደ ልማዱ ከበሩ ሮጦ መጥቶ በጭቃ እግሩ ሊዘልብኝ ሲል በጫማዬ መታሁት። አንድ ጊዜ ጮኸና ወደ ኋላ አለ። እናቴ ከደጃፍ ቆማ ታይ ነበር፤ ምንም አልተናገረችም። በማግስቱ ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ጉሬዛ ከኋላዬ፣ እግሬ እንዳይደርስበት ራቅ ብሎ፣ እስከ ልማዱ ቦታ ድረስ ሸኘኝ።

ለብዙ ዓመታት ስለ ጉሬዛ ስናገር የምናገረው ሸኚነቱን ብቻ ነበር። ስለ ሱሪውም ስናገር የእግሩን ስፋት እንጂ የእናቴን ነጠላ አላነሣም ነበር። ሁለቱንም ታሪክ ሰዎች ይወዱልኝ ነበር። እኔም እየደጋገምሁ ስነግራቸው ታሪኮቹ እየጣፈጡ፣ እውነታቸው ግን እየቀነሰ ሄደ። ይህን ያስተዋልሁት አርጎስን ባነበብሁ ጊዜ ነው። ንጉሡ ቡትቶውን ለመጠበቅ ሲል ውሻውን ሳይዳስስ አለፈ፤ እኔ ደግሞ አዲስ ሱሪ ለመጠበቅ ስል መታሁ። የእርሱ ምክንያት ነፍሱን ማዳን ነበር፤ የእኔስ?

«ትዝታ ለመጽናኛ የተሰጠ ነው፤ ስለ ምን እንደ ችሎት ታደርገዋለህ?» የሚሉኝ አይጠፉም። ይህ ተቃውሞ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ሽማግሌ የወጣትነቱን ልብስ አስታውሶ ቢደሰት ማንንም አይጎዳም፤ በቤቱ ለልጆቹ ቢተርክም ሊመሰገን ይገባዋል። ነገር ግን ትዝታውን ጽፎ ለሕዝብ ባቀረበ ጊዜ ነገሩ ይለወጣል። ያን ዘመን ያላየው ወጣት ዘመኑን የሚያውቀው በዚያ ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ ሁሉም ያማረበት፣ ውሻው ሁሉ የተወደደበት ዘመን አድርጎ ካቀረበለት፣ ወጣቱ የራሱን ዘመን ይንቃል፤ ወይም እኛን ሐሰተኞች ይለናል። ደግሞም እውነቱን መናገር ደስታውን አያጠፋውም። ሱሪው ዛሬም በልቤ ያማረ ነው፤ ነጠላው ሲጨመርበት ግን ከሱሪው ይልቅ እናቴ ትታየኛለች።

ስለዚህ ለመምህራን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ተማሪዎች ስለ ታማኝ ውሻ ወይም ስለሚወዱት ልብስ ድርሰት እንዲጽፉ ማዘዝ የተለመደ ነው። ድርሰቱ ሲቀርብ ከፊደልና ከሰዋስው እርማት በላይ ሁለት ጥያቄዎች በኅዳጉ ቢጻፉ ይጠቅማል፤ «ለውሻው አንተ ምን መለስህለት?» እና «ልብሱን የገዛልህ ማን ነው፤ ምንስ ቀረበት?» የሚሉ። ተማሪው ለእነዚህ መልስ ሲፈልግ ድርሰቱ ይረዝማል፤ ምናልባትም ደስታው ትንሽ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ከቈንጆ ቃላት ወጥቶ ወደ ሰው ኑሮ ይገባል።

ጉሬዛ በ1966 ዓ.ም. ሞተ፤ ከግቢያችን ጥግ ቀበርነው። ሱሪው ከዚያ በፊት አልቆ ለወለል መወልወያ ሆኖ ነበር። እናቴም ነጠላውን የገዛችው በሚቀጥለው ዓመት ዕቁብ ነው።