ኮዱ ጠፋ ማለት ተሠራ ማለት አይደለም

የቦሽ ወይም የሲመንስ ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ኢ15 ብሎ ሲቆም፣ ጽሑፉን የሚያጠፋ ቀላል ዘዴ አለ። ማሽኑን ከሶኬት ነቅሎ ማጋደል፣ ከሥሩ የተጠራቀመውን ውሃ ማፍሰስ፣ ከዚያ መልሶ ማቆም ነው። ኮዱ ይጠፋል፣ ማሽኑም ያጥባል። ይህንኑ አድርጎ ሒሳቡን ተቀብሎ የሚሄድ ባለሙያ አለ፤ ባለቤቷም አመስግና ትሸኘዋለች። እኔ ግን ይህን ጥገና ብዬ አልጠራውም። ውሃው ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ ገና አልተነሣማ!

ሥራውን ለመመዘን ኮዱ ምን እንደሚል ማወቅ ይበቃል። በእነዚህ ማሽኖች ግርጌ፣ ሳህኖቹ ከሚታጠቡበት ክፍል በታች፣ የፕላስቲክ ትሪ አለ። ትሪው ውስጥ ቴሌቪዥን ሲታሸግ ዙሪያውን እንደሚደረገው ዓይነት ነጭ ፎም ተቀምጧል። ውሃ ሲገባበት ፎሙ ይንሳፈፍና አንዲት ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ይነካል። ያኔ ማሽኑ ውሃ መቀበሉን ያቆማል፣ የማስወጫ ፓምፑን ያለማቋረጥ ያሠራል፣ ኢ15 ብሎ ይጽፋል። ኤል ጂ ላይ ኤኢ፣ ኤሌክትሮሉክስና ኤኢጂ ላይ አይ30 የሚለውም መልእክቱ ያው ነው፦ ውሃ መገኘት በማይገባው ቦታ ተገኝቷል። ፓምፑ ተበላሸ አላለም፤ ጎማው አረጀ፣ ቦርዱ ተቃጠለ አላለም። ኮዱን ስልኩ ላይ ፈልጎ ወዲያው የዕቃ ዋጋ የሚጠራ ሰው አንድ ምስክር ብቻ ሰምቶ እንደሚፈርድ ዳኛ ነው።

ስለዚህ ባለሙያው ካቻቢቴውን ከማውጣቱ በፊት የሚጠይቀውን ስሙት። ኮዱ የመጣው ውሃ ሲሞላ ነው፣ እያጠበ ሳለ ነው ወይስ ሊጨርስ ሲል? ሲሞላ ከሆነ ጥርጣሬው የመግቢያው ቱቦና ቫልቩ አካባቢ ነው። እያጠበ ከሆነ ውሃውን የሚረጨው ፓምፕና የበሩ ጎማ ይታያሉ። ሲያስወጣ ከሆነ የፍሳሹ ቱቦ ይፈተሻል። ሳሙና ቀይራችኋል ወይ ብሎ ከጠየቀ ደግሞ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። በእጅ ዕቃ ለማጠብ የተሠራ ፈሳሽ ሳሙና ማሽኑ ውስጥ ሲገባ አረፋው ይገነፍላል፣ በበሩ ሥር ሾልኮ ትሪው ላይ ይወርዳል፣ እዚያ ውሃ ይሆናል። እንዲህ ከሆነ የተበላሸ ነገር የለም። አረፋውን አጥቦ፣ ትሪውን አድርቆ፣ ትክክለኛውን ሳሙና ነግሮ የሚሄድ ሰው ሥራውን ጨርሷል።

አንዲት ዘመዴ ቤት ስትቀይር ማሽኑም አብሮ ተጫነ። አዲሱ ቤት ውስጥ ሲገጠም ኢ15 መጣ። ሊጠግን የመጣው ልጅ መጀመሪያ ያነሣው ጥያቄ ይህ ነበር፦ «እትዬ፣ ማሽኑ ሲመጣ ቆሞ ነው ወይስ ተኝቶ?» «ኧረ ተኝቶ ነው መሰለኝ የጫኑት፣ ልጄ» አለችው። ራሱን ነቀነቀና ሶኬቱን ነቀለ፣ ውሃውን ዘጋ፣ የጎኑን ላሜራ ፈታ። ትሪውን በስፖንጅ አደረቀው፤ የቀረችውን እርጥበት በጨርቅ ጠረገ። ከዚያ ሶፍት እየቆራረጠ በየመገጣጠሚያው ሥር ዘረጋ፦ አንዱን ከፓምፑ ሥር፣ አንዱን ከፍሳሹ ቱቦ ሥር፣ አንዱን ውሃ ወደ ጎን ማጠራቀሚያው ከሚያልፍበት ቱቦ ሥር። ማሽኑን ከፍቶ እጁን ሰበሰበና በስልኩ መብራት እያየ ወለሉ ላይ ተኛ። ጥቂት ቆይቶ የጎኑ ሶፍት ጥግ ላይ ጠቆር ያለ ነጥብ ታየ፤ እያየነው ሰፋ። ልጁ ወዲያው አላጠበቀውም። ማሽኑን አጥፍቶ «እትዬ፣ ይዩት» ብሎ ጠራት። ቱቦውን የሚይዘው ፋሼታ ከቦታው ተንሸራቶ ነበር፤ ከሥሩ ውሃው የሄደበት ነጭ መስመር ደርቆ ይታያል።

የዚያ ልጅ ሥራ ጥሩ የሆነው ፋሼታውን ስላገኘ ብቻ አይደለም። የተጠረጠረውን ቦታ ሁሉ በአንድ ጊዜ አላጠበቀም፤ እንዲያ ቢያደርግ ውሃው ይቆም ነበር፣ ምክንያቱ ግን አይታወቅም። ደግሞ ከጠገነ በኋላ ሶፍቶቹን በደረቅ ተክቶ፣ ማሽኑን በአጭሩ ሳይሆን በጣም በሚሞቀው ፕሮግራም እስከ መጨረሻው አሠራው። ጎማና ፕላስቲክ ሲሞቅ ይለሰልሳል፤ በቀዝቃዛ ውሃ የማያፈስ መገጣጠሚያ ውሃው 70 ዲግሪ ሲደርስ ሊያፈስ ይችላል። አምስት ደቂቃ አይቶ «አለቀ» የሚል ሰው ይህን አያውቅም፣ ወይም መጠበቅ አልፈለገም።

መጥፎው ሥራም ምልክት አለው። የበሩ ጎማ ላይ ሲሊኮን ተቀብቶ ካያችሁ ጎማው መቀየር ሲገባው በማጣበቂያ ተሸፍኗል ማለት ነው። አኳስቶፕ የሚባለው ወፍራም የመግቢያ ቱቦ ተቆርጦ በተራ ቱቦ ተቀጥሎ ካያችሁ በጣም ተጠንቀቁ። በውስጡ የኤሌክትሪክ ሽቦ ያልፋል፤ ቧንቧው ጋ ያለውን ቫልቭ የሚቆጣጠረው እሱ ነው፤ ሲቆረጥ መከላከያው አብሮ ይቆረጣል። ከሁሉ የከፋው ግን ፎሙን ማውጣት ወይም እንዳይንሳፈፍ በፕላስተር ማሰር ነው። ኮዱ ዳግመኛ አይመጣም። ውሃው ግን መፍሰሱን ይቀጥላል፣ ማሽኑም ሳያውቅ መሙላቱን ይቀጥላል፤ ፎቅ ቤት ከሆነ መጀመሪያ የሚያውቁት የታችኛው ቤት ጎረቤቶች ናቸው፣ ከጣሪያቸው። ይህን ያደረገ ሰው ዳግም ማሽን መንካት የለበትም።

የፍሳሽ ኮዶቹ፣ ኢ24ና ኢ25፣ ብዙ ወሬ አያስፈልጋቸውም። ጥሩ ባለሙያ ማጣሪያውን ያወጣል፣ የፓምፑን ክዳን አንሥቶ የብርጭቆ ስባሪ ወይም አጥንት ይፈልጋል፣ ቱቦው ከጀርባ ታጥፎ እንደሆነ ያያል፣ ክዳኑን በቦታው በደንብ ይገጥማል። ከዚህ በፊት ፓምፕ ይገዛ ያለ ሰው ቸኩሏል።

ኤሌክትሪክ ነክ ኮድ ሲመጣ ግን ጆሮ መስጠት ያስፈልጋል፤ ብዙ ገንዘብ ያለ ምክንያት የሚወጣው እዚህ ላይ ነውና። ማሽኑ አላሞቅም ሲል በቦሽ ኢ09 ይመጣል። «ቦርዱ ነው» የሚለው ቃል በጣም ይቀላል፤ ቦርድ ውድ ነው፣ ውስጡንም ባለቤቱ አያይም። ባለሙያውን አንድ ነገር ብቻ ጠይቁት፦ ምን ለካህ? ስንት አነበበ? 2000 ዋት የሆነ ማሞቂያ በ220 ቮልት የሚሠራ ከሆነ ቴስተር ላይ 24 ኦም አካባቢ ማሳየት አለበት። ያንን ካሳየ ማሞቂያው አልተቆረጠም፤ ቀጥሎ ሽቦው፣ ከዚያ ቦርዱ ላይ ያለው ሪሌ ይታያል። ቴስተሩ ምንም ካላነበበ ማሞቂያው ተቆርጧል፤ ቦርዱ ተወቃሽ አይደለም። ቁጥሩን የሚነግራችሁ ሰው ቢሳሳት እንኳ የት ላይ እንደተሳሳተ መከታተል ይቻላል። «በልምድ አውቀዋለሁ» የሚለውን ግን በምንም መንገድ መፈተን አይቻልም።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ማሽኑ ንጹሕ ሆኖ ጥፋቱ ከውጭ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ብዙዎቹ የቦሽ ማሽኖች ቢያንስ 0.5 ባር ግፊት ይፈልጋሉ። ውሃ በአሥር ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት 1 ባር ገደማ ነው፤ እንግዲህ ሮቶው ከማሽኑ ሦስት ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ 0.3 ባር ነው የሚደርሰው። ማሽኑ ውሃ አልመጣም ይላል፤ እውነቱን ነው። በዚህ ላይ ውሃ ሄዶ ሲመለስ የሚያመጣው ደለል መግቢያው ላይ ያለችውን ትንሽ ወንፊት ይደፍናል። ቫልቭ ከመቀየሩ በፊት ቱቦውን ፈትቶ ባልዲ ውስጥ የሚከፍት፣ ወንፊቷን የሚያጥብ፣ ሮቶው የት ነው ብሎ ቀና የሚል ባለሙያ ስታገኙ ስልኩን ያዙት።

ሥራው ሲያልቅ የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ ተቀበሉ፤ ብሎኖቹ በሙሉ መመለሳቸውን፣ በሩ ሥር የነበረው ላሜራ መታሰሩን፣ ማሽኑ ቀጥ ብሎ መቆሙን እዩ። ክፍያው ላይ ግን አትከራከሩ። አንድ ፋሼታ ለማጥበቅ ይህን ያህል ትላለህ ወይ የሚለውን ሙግት ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ያሳዝነኛል። ገንዘቡ የፋሼታው ዋጋ አይደለም፤ ወለሉ ላይ ተኝቶ ሶፍቱ እስኪረጥብ የጠበቀበት ጊዜ ዋጋ ነው። ያንን ከነፈግነው በሚቀጥለው ቤት ፓምፕ ቀይሮ ለመሄድ ይገደዳል፤ ለፓምፕ ማንም አይከራከረውም።